ጋሽ ስታፋና የምድር ቤቱ ግድግዳ

ሰው እንግድነት ሲሄድ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥልበት ቦታ ጠባዩን ይናገርበታል። ሆዳም ወደ ወጥ ቤት ያያል፤ ወሬኛ ወደ መኝታ ቤቱ በር፤ ቀናተኛ ወደ ቴሌቪዥኑ። በየሕንፃው ደግሞ አንድ ሰው አለ፤ ገና ጫማውን ሳይጠርግ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያ የሚያይ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ገና አልመጣባችሁም፣ ወይ ራሳችሁ ናችሁ።

የኛ ሕንፃ ጣሪያ ተመልካች ክቡር ጋሽ ስታፋ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ግን ባለቤታቸውና መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ናቸው። ጋሽ ስታፋ አርባ ዓመት ፌራዮ ሆነው ሠርተዋል፤ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ብረቱን የሚቆርጥ፣ የሚያጥፍና የሚያስር ባለሙያ ማለት ነው። ስታፋ የሚባለው ደግሞ በኮለን ውስጥ፣ በዚያ ቤቱን በሚሸከመው የሲሚንቶ ምሰሶ ውስጥ፣ ቀጥ ብለው የቆሙትን ብረቶች እንደ ቀበቶ ዙሪያቸውን የሚያቅፍ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። «ቤቱን ኮለን ያቆመዋል ትላላችሁ። ኮለኑንስ ማን አቆመው?» ብለው ይጠይቁና መልስ ሳይጠብቁ «ስታፋ» ይላሉ። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ የሚል ሰው ሌላ ምን ተብሎ ይጠራ?

እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ የጂኦግራፊ መምህርነት ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ስለማፍርበት ነው።

ወደ ሕንፃው የገባን ሰሞን እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉን ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኛም እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ በእጃቸው የሰፉትን የመስኮት መጋረጃ ይዘው መጥተው ሚስቴን እቅፍ አድርገው ሳሟት። ጋሽ ስታፋ ግን ጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ ካዩ በኋላ ዓይናቸውን ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዬ አወረዱ።

«ይሄ ታስሯል?»

«ምኑ?»

«መደርደሪያው።»

«መጽሐፍ እኮ ነው ጋሼ፣ ከብት አይደለም። ለምን ይታሰራል?»

«ከብትማ ቢሆን መሬት ስትንቀጠቀጥ ወደ ደጅ ነው የሚሮጠው» አሉ ረጋ ብለው። «ይሄ ግን ወዳንተ ነው የሚመጣ።»

ጂኦግራፊ ለሚያስተምር ሰው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ከመናገር በላይ ምን ድግስ አለ? የመሬት ቅርፊት እንደተሰባበረ ገል መሆኑን፣ ስብርባሪዎቹ አንዱ ካንዱ እየተሳቡ እየተገፋፉ መኖራቸውን፣ ከተማችን ከአንዱ ስንጥቅ ብዙም የማይርቅ መሆኑን፣ በሩብ ምዕተ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተናወጥን በእጄ ጭምር እያሳየሁ ተነተንኩላቸው። ጋሽ ስታፋ አንድም ቃል ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ አንተ መሬቷን ታውቃታለህ። ቤትህን ግን አላወቅኸውም።»

ከዚያ ያቺን በኋላ መቶ ጊዜ የሰማኋትን ትምህርታቸውን ነገሩኝ። አደጋ ብቻውን አይወለድም አሉ፤ አባቱ መሬት ነው፣ እናቱ ቤት ናት። መሬት ሰው በሌለበት በረሃ ብትንቀጠቀጥ ማንን ትገድላለች? አቧራ አስነስታ ትተኛለች። የሚገድለን እኛው ሠርተን፣ እኛው ደርድረን፣ እኛው ከራሳችን በላይ የሰቀልነው ነው። አባትየውን ማንም አይመክረው፤ መካሪም አይሰማ። እናትየዋን ግን ማጠንከር ይቻላል።

«ስለዚህ?» አልኳቸው።

«ስለዚህ ነገ መሰርሰሪያ ይዤ እመጣለሁ።»

መጡም። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ አህጉራት ጉዞ ሳስተምር እሳቸው ቤቴ ገብተው አዲስ የተቀባ ግድግዳዬን ስድስት ቦታ በሱት። ሚስቴ ነበረች በር የከፈተችላቸው። ማታ ስነጫነጭ «ቢያንስ በዚህ ቤት አንድ ነገር ጠንክሮ ቆመ» አለችኝና አለፈችው።

የጋሽ ስታፋን ገድል ዘርዝሬ አልጨርሰውም። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ልጃቸው የወለደች ጊዜ ሁላችን እንኳን ማርያም ማረችሽ ልንል ገባን። ጋሽ ስታፋ የሕፃኑን ፊት ሳያዩ ከአልጋው በላይ የተሰቀለውን ትልቅ መስታወት አዩ። ወንበር ሳቡ፣ ወጡ፣ አወረዱት፣ ከሶፋ ጀርባ አጋደሙት፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሕፃኑ ዘወር ብለው «እደግ» ያሉት። የሕፃኑ አያት በሥራ ዘመናቸው ብዙ ያዩ ሴት ናቸውና «ምርቃቱ እንኳን ኋላ ይደርሳል» ብለው ሻይ አቀረቡላቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትምህርት አላቸው። የሕንፃውን ሰው ሰብስበው መሬት ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚደረግ ያሳያሉ። ደረጃ ላይ አትሩጡ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ የጠረጴዛውን እግር ያዙ፤ ሲያቆም ውጡና ሜዳው ላይ ተሰብሰቡ። አንድ ቅዳሜ የኔን የምግብ ጠረጴዛ ለማሳያ መረጡት። በሰባ ዓመታቸው ጎንበስ ብለው ገቡ፤ መውጣት ግን እምቢ አለ። ወገባቸው ያዛቸው። እኔና የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤት በየብብታቸው ገብተን ስንጎትታቸው እሳቸው ከጠረጴዛው ሥር ሆነው ትምህርቱን አላቋረጡም። «አያችሁ፣ ጠረጴዛው ጠባብ ነው። ሰፊ ግዙ» አሉን።

እትዬ በዚህ ሁሉ መርፌያቸውን እየወጉ ይስቃሉ። «ከሱ ጋር አርባ አራት ዓመት ስኖር መሬት ከወንበሬ አስነስታኝ አታውቅም» ይላሉ። «እሱ ግን ሶፋውን በየሳምንቱ ያነቃንቅብኛል።»

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የመስታወት ነጋዴው ነገር የመጣው።

ምድር ቤታችን ሦስት ሱቆች አሉት፤ በመካከላቸው ወፍራም የብሎኬት ግድግዳዎች አሉ። ነጋዴው ሦስቱንም ያዛቸውና ግድግዳዎቹን አፍርሶ አንድ ሰፊ አዳራሽ ለማድረግ ጠየቀ። ፊት ለፊቱንም ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሊያደርገው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነው። በምትኩ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ሊያስቀባ፣ ስምንት ወር የተበላሸውን የውሃ ፓምፕ ሊያሠራ ቃል ገባ። ስምንት ወር ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ የወጣ ሰው ፓምፕ የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ያልተሸከመ አያውቀውም።

እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሯ ጉዳዩን አቀረቡ። ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ስታፋ ብቻ ብድግ ብለው «ግድግዳው አይነካም» አሉ። ለምን ሲባሉ «አይነካም አልኩ እኮ» አሉ። የሁልጊዜው ማስረዳት፣ የሁልጊዜው ምሳሌ የለም። ይህ ገረመኝ፤ ግን አላስቆመኝም።

ተነስቼ እኔ ተናገርኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። በመምህር ድምፅ፣ ጠመኔ የያዝኩ ይመስል ጣቴን እያነሳሁ፣ ጋሽ ስታፋን በጣም እንደማከብራቸው ገለጽኩ፤ ሊያዋርድ የፈለገ ሰው ሁሌ የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው። ቀጥዬም በዘመናዊ ሕንፃ ሸክሙን የሚሸከሙት ኮለኖቹ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ መጋረጃ እንደማለት መሆኑን፣ መጋረጃ ቢነሳ ቤት እንደማይወድቅ አብራራሁ። ሰዉ «ልክ ነው» አለ። አንዱማ አጨበጨበ።

«መምህር ያለው ልክ ነው» አሉ ጋሽ ስታፋ። «ኮለኑ ደህና ከሆነ።»

ነጋዴው በትሕትና ጠየቃቸው። «ደህና አለመሆኑን በምን አወቁ አባቴ?»

ጋሽ ስታፋ ወደ እትዬ ዘወር አሉ። እትዬ የያዙትን ስፌት ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ቀና ሳይሉ ተናገሩ። «ንገራቸውና ይውጣልህ።»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ስታፋ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ኩራት መስሎን ነበር፤ እሳቸው ሲኮሩ ግን እንዲህ ወደ መሬት አያዩም።

ሕንፃው ሲሠራ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ምድር ቤቱ ላይ ብረት አጠረ። ፕላኑ ስታፋው በየጋቱ፣ ማለትም በመዳፍ ስፋት፣ ይታሰር ይላል፤ የሥራው አለቃ ደግሞ ሲሚንቶው ነገ ይፈሳል፣ አራርቀህ እሰር አላቸው። አንድ ጊዜ «ይሄ ልክ አይደለም» አሉት። «በር ላይ ሥራ የሚጠብቁ ሃያ ሰዎች ቆመዋል» አላቸው። እትዬ የመጀመሪያ ልጃቸውን እርጉዝ ነበሩ። ጋሽ ስታፋ በየሁለት ስንዝሩ አሰሩ። በማግስቱ ሲሚንቶው ፈሰሰ።

«ሲሚንቶ ምስጢር ይጠብቃል» አሉ። «ከሰው ይበልጣል። በሳምንቱ ብረት መጣ፤ ከአንደኛ ፎቅ ወዲያ ያለው እንደ ፕላኑ ነው፤ በሱ አትስጉ። ምድር ቤቱ ነው። እስከ ዛሬ ያገዘው ግድግዳው ነው። መሬት ወደ ጎን ስትገፋው ኮለኑ ብቻውን አይችልም፤ ግድግዳው ነው ትከሻ የሚሰጠው። እሱን ካወጣችሁበት ጉልበቱ ይታጠፋል፤ እናንተ ሁላችሁ ከላይ ናችሁ።»

ሊቀመንበሯ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ታዲያ ይህን እያወቁ እዚሁ ቤት ገዙ?»

«እናንተን ከላይ አስቀምጬ እኔ ሌላ ቦታ ልተኛ?» አሉ። «አንደኛ ፎቅ የገዛሁት ቅርብ እንድሆን ነው። መናገር ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል፣ ከሥራ ይዘጉኛል ስል፣ ቀጥሎ ደግሞ ጎረቤት ይጠላኛል ስል ዕድሜዬ አለቀ። ኮለኑን ፈትቼ ላስረው አልችልም። መደርደሪያችሁን ግን እችላለሁ፤ እሱን አሰርኩ።»

ድምፅ አልተሰጠም። የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤት ልጆቹን በዓይኑ ጠርቶ ይዟቸው ገባ። ሌላውም አንድ አንድ እያለ ተነሳ። ነጋዴው ብቻ ተቀምጦ ቀረ፤ መሬቱን ያያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ደስ አይልም። ሰው ጋሽ ስታፋን ሰላም ማለት ተወ። ደረጃ ላይ ሲያያቸው ስልኩን ያወጣል። ቅዳሜ መጣ፣ ማንም አልተሰበሰበም፤ እሳቸውም አልጠሩም። እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ፤ በራቸውን ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ለሚስቴም «አርባ ዓመት ሊሞላ ነው እኮ፤ ሰው እንዴት ይህን ይዞ ይተኛል?» እያልኩ እቤት ውስጥ እንጎራደዳለሁ።

ሚስቴ አንድ ማታ ሰሐን እያጠበች ሰማችኝና ውሃውን ዘጋችው። «እሳቸው ያጠፉትን በሰው ፊት ተናገሩ። አንተ ስለ መጋረጃው ያልከውን እስካሁን ለማን ተናገርክ?»

እሷም ውሃውን መልሳ ከፈተችው።

ሊቀመንበሯ ግን እንደኛ ቂም ሲያመነዥኩ አልከረሙም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ብለው አንዲት ወጣት መሐንዲስ አመጡ። ልጅቷ በሲሚንቶ ውስጥ ያለ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ይዛ ከኮለን ወደ ኮለን ሄደች፤ ብረት ባገኘች ቁጥር በጠመኔ መስመር ታሰምራለች። መስመሮቹ ሁሉ በሁለት ሁለት ስንዝር ተራራቁ። «ሰዎች ብዙ ጊዜ ያልሠሩትን ሠራን ይሉኛል» አለች ወደ ጋሽ ስታፋ ዘወር ብላ። «ያጎደሉትን ልክ በልኩ የነገረኝ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ፍርዷም እንደ እሳቸው ቃል ሆነ። ግድግዳው ባይኖር ኖሮ ሕንፃው ረጅም ሰው በቀጭን እግር ቆመ እንደማለት ነበር። ይሁን እንጂ መድኃኒት አለው አለች፤ ኮለኖቹ ዙሪያቸውን በአዲስ ብረትና ሲሚንቶ ይለበሳሉ፣ በሁለት በኩል ደግሞ ከመሠረት የተነሳ የብረትና የሲሚንቶ ግድግዳ ይጨመራል። ሁላችን እንደ አቅማችን አዋጣን፤ ፓምፑም ሌላ አምስት ወር ሳይሠራ ቀረ። ነጋዴው አዳራሹን ተወው። ዕቃውን በሙሉ አውጥቶ ለሥራው ቦታ ለቀቀ። ሊቀመንበሯ ሊያመሰግኑት ሲሄዱ «መስታወት ሻጭ ነኝ» አላቸው። «ስለሚሰበር ነገር እኔን ማስረዳት አያስፈልግም።»

ብረቱን ማን ያስረው ሲባል ጋሽ ስታፋ እጃቸውን አወጡ። መሐንዲሷ ዕድሜያቸውን አይታ ፈራች። ሊቀመንበሯ ጣልቃ ገብተው «የደም ግፊታቸውን እኔ በየቀኑ እለካለሁ» አሏት። እንዲህ ሆነና የሰባ ዓመቱ ፌራዮ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ፒንሳቸውን ይዘው፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር አሥራ ዘጠኝ ቀን አሰሩ። እያንዳንዱን ስታፋ በጋታቸው ይለካሉ። ለኩ፣ አሰሩ፣ መልሰው ለኩ። መሐንዲሷ ሜትር ብትሰጣቸውም ኪሳቸው ከተቱት እንጂ አላወጡትም።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስት ቀን አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። በአራተኛው ቀን ረጅም ብረት ለማቆም ብቻቸውን ሲታገሉ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ እስቲ ያዝልኝ» አሉ፤ ትናንት እንደተለያየን ሰው።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ያዝኩላቸው። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ስለ መጋረጃው ያዘጋጀሁትን ንግግር አላደረግኩም። ብረቱ ይከብዳል፤ ቀና አድርገህ ያዝ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ። እስኪመሽ ያዝኩላቸው። በማግስቱ የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤት ሽቦ ሲቆርጥላቸው አየሁት። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሠራተኞቹ «እዚህ ግቢ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» እስኪሉ ድረስ ምድር ቤቱ በነዋሪ ተሞላ።

መሬት የተንቀጠቀጠችው ሥራው ካለቀ ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። የፈተና ወረቀት ላርም ከቤት ውያለሁ። መጀመሪያ ከባድ መኪና በቅርብ ያለፈ መሰለኝ። ቀጥሎ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይንሾካሾኩ ጀመር፤ ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሸተት አለ። ሃያ ዓመት ስለዚህ ነገር ያስተማርኩ ሰው ወደ ደረጃው ልሮጥ በሩን ያዝኩት። ሚስቴ ናት በሸሚዜ ኮሌታ ጎትታ ጠረጴዛ ሥር ያስገባችኝ። የጠረጴዛውን እግር ይዘን ቆጠርን፤ እሷ እየቆጠረች እኔ እየጸለይኩ። ሕንፃው ያቃስታል። መደርደሪያው አንዴ ጮኸ፤ መጽሐፎቹ ረገፉ፣ እሱ ግን ከግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ከታች መስታወት ሲረግፍ ይሰማል። ሰላሳ አንድ ላይ ቆመ።

ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ፊታችን ሁሉ የኖራ አቧራ ለብሷል። ጋሽ ስታፋ ሱቅ ሄደው ስለነበር ከመንገድ መጥተው በየፎቁ ይቆጥሩን ጀመር። አራተኛ ፎቅ፣ ሙሉ። ሦስተኛ፣ ሙሉ። ሁለተኛ፣ ሊቀመንበሯ ከነልጅ ልጃቸው፣ ሙሉ። አንደኛ ላይ ሲደርሱ ቆጠራውን አቋረጡ። እትዬ የሉም።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ስታፋን ፈርተው ያየኋቸው። ወደ መግቢያው ሲራመዱ ተከትዬ ክንዳቸውን ያዝኩት። በሩ ላይ ሳንደርስ እትዬ የጨርቅ መቁረጫ መቀሳቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው ብቅ አሉ። ስፌት ጠረጴዛቸው ሥር ነበሩ።

«እስካሁን ምን ትሠሪያለሽ?» አሏቸው ጋሽ ስታፋ።

«አንተ አይደለህ ደረጃ ላይ አትሩጡ ያልከው?» አሉ እትዬ። «እየተራመድኩ መጣሁ።»

ጋሽ ስታፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ማንም አላባበላቸውም፤ እትዬ አጠገባቸው ተቀምጠው አቧራውን ከትከሻቸው ማራገፍ ጀመሩ።

ሕንፃችን ልስኑ ብዙ ቦታ ተሰነጠቀ፤ ደረጃው ሁለት ቦታ ተፈረካከሰ፤ ነጋዴው ሥራው ሲያልቅ መልሶ ያስገባው መስታወት አንድ ሳይቀር ረገፈ። ቆመ ግን። ሁለት መንገድ አልፎ ያለ፣ ምድር ቤቱን ለማሳያ አዳራሽ የከፈተ ባለአምስት ፎቅ ደግሞ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ አንደኛ ፎቁ መሬት ሆነ። ብዙ ሰው ሥራ ላይ ስለነበር ዕድል ሆኖ የሞተ አልነበረም፤ እግሩ የተሰበረ፣ ወገቡ የተጎዳ ግን ነበር። ጋሽ ስታፋ እንባቸውን ጠርገው ወደዚያ ሄዱ፤ አዳኞቹ ብረት ሲቆርጡ የትኛው ሸክም ይዟል፣ የትኛው ቢቆረጥ አይጎዳም እያሉ ሲያሳዩ ዋሉ። ሲመለሱ ነግሬአችሁ ነበር ይሉናል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። ውሃ ጠጥተው ገቡ።

እኔም ትምህርቴን ቀየርኩ። አሁን የመሬት መንቀጥቀጥ ሳስተምር የምጀምረው ከአህጉራት አይደለም። «ማታ ስትተኙ ከራሳችሁ በላይ ምን ተሰቅሏል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ይስቃሉ፤ ከዚያ ያስባሉ።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤታችን ለነባር መምህራን ቤት አደለ። አዲስ ሕንፃ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ውሃው ሃያ አራት ሰዓት ነው፣ ከመስኮቱ ዛፍ ይታያል። ያሳየን የሕንፃው አስተዳደር ሠራተኛ ክራባት ያሰረ ደግ ሰው ነው። ሚስቴ ወጥ ቤቱን ስታይ እኔ ኮለኑን በእጄ ነካሁት፤ ልስልስ ያለ፣ ቀለሙ የሚያበራ ነው።

«ብረቱን ማን አሰረው?» አልኩት።

«ትልቅ ድርጅት ነው የሠራው ጌታዬ። ምርመራውም ሙሉ ነው፤ ወረቀቱን ላሳይዎት እችላለሁ።»

ወረቀቱን አየሁት፤ ጥሩ ወረቀት ነው። «ያሰረው ሰውዬስ የት ነው የሚኖረው?»

«የቱ ሰውዬ?» አለኝ።

እኔና ሚስቴ ቁልፉን ሳንቀበል ተመለስን። መግቢያው ላይ ጋሽ ስታፋ ቆመዋል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«መቼ ነው የምትለቁት?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ደረጃው ላይ ነው።

«አንለቅም ጋሼ።»

«ለኔ ብላችሁ እንዳይሆን።»

«ኧረ አይደለም። ይሄኛው ለትምህርት ቤት ይቀርበኛል ብዬ ነው።»

አዲሱ ሕንፃ ከትምህርት ቤቱ ጋር በአጥር እንደሚዋሰን ጋሽ ስታፋ ከኔ በፊት ያውቃሉ። ግንባታው ሲጀመር በየሳምንቱ እየሄዱ ብረቱን ሲያዩ ከርመዋል። ራሳቸውን ነቀነቁና «አዎ፣ ይቀርባል» አሉኝ።